አርባ ዶሮ ይዘው በጾም ወደ ሰበታ የዘመቱት ኦቦ ጎበና

ለሰበታ ልክና ሥርዓት የሠሩላት አባቶች ሁለት ነበሩ፤ አንደኛው ስኳር በጣሳ ሰፍረው ሲያበቁ በእጃቸው አንድ ጭብጥ ምርቃት ሳይጨምሩ ሰው የማያሰናብቱት ነጋዴው ሐጂ ሀሰኖ፣ ሁለተኛውም ጀምበር ስትወጣም ስትጠልቅም አሥራ ሁለት ሰዓት ነው ብለው የክር ፋብሪካውን ጡሩምባ ያስጮኹት የመጀመሪያው ሰዓት ተቆጣጣሪ ባላምባራስ ተሾመ ናቸው። የባላምባራስን ወንበር ወርሰው ሠላሳ አንድ ዓመት ያገለገሉት፣ አንድም ቀን በደቂቃ ያልተነቀፉት፣ ባለ ከዘራው፣ ባለ ኮቱ፣ የወይዘሮ ገለቴ ባል ኦቦ ጎበና ዘዓለም ገና፣ በተወለዱ በሰባ አንደኛው፣ ጡረታ በወጡ በአሥራ አንደኛው ዓመት፣ ማስተር ፕላን በሚሉት ወረቀት ምክንያት አገር ተቆጥቶ የጅማ መንገድ በድንጋይ በታጠረ በሁለተኛው ወር፣ በዘመነ ዮሐንስ፣ በሁለት ሺህ ስምንት ዓመተ ምሕረት፣ በታኅሣሥ ሃያ፣ በዕለተ ረቡዕ የሠሩት ጀብዱ ይህ ነው። የዚያን ወራት ኀዘን ሌላ ጸሐፊ በጥቁር ቀለም ይጻፈው፤ የዚህች ብዕር ነገር ስለ ፔርሙስ ነው።

ወበውእቱ መዋዕል ከአዲስ አበባ ዝርዝር ብር አልገባ ስላለ፣ የሐጂ ሀሰኖ ሱቅ ለመቶ ብር ገበያ አንድ አንድ የሚመርቀው፣ አውራ ዶሮ የታተመበት ኩፖን በገንዘብ ፈንታ ነገሠ። ጸጉር አስተካካዩ ሁለት ዶሮ፣ ባጃጁ አንድ ዶሮ አስከፈለ፤ ከዕድር የቀረ ሰው ግማሽ ዶሮ ተቀጥቶ ኩፖኑ በመቀስ ቢቆረጥ፣ ለዕድሩ የሚገባው የራሱ ወገን ነው የጅራቱ ወገን እየተባለ ሽማግሌ ተቀመጠ። ሦስት ዶሮ ለሱቁ የመለሰ ሳሙና፣ አርባ የመለሰ ግን ሁለት ጽጌረዳ የተሣለበት ቀይ ፔርሙስ ይቀበል ነበር። ወይዘሮ ገለቴም የልጃቸው አማቶች ለገና ሊመጡ ነውና፣ ዘንድሮስ በጎረቤት ፔርሙስ እንግዳ አላስተናግድም ብለው ምለው፣ ዶሮዎቹን አርባ እስኪሞሉ ድረስ በትራስ ሥር አሳደሩ።

እንዲህም ሆነ፤ ሱቁን የወረሰው የሐጂ የልጅ ልጅ የህያ፣ ዘመናዊ ልሁን ብሎ በኮምፒውተር ዐዋጅ አሳተመ፦ «የዶሮ ኩፖን የሚሠራው ታኅሣሥ 20 ቀን እስከ 12:00 ሰዓት ብቻ! ከዚያ በኋላ ዶሮ ወረቀት ነው!»

ኦቦ ጎበናም በደጃቸው ቆመው ዐወጁ፦ «የዓለም ገና ሰው፣ ጆሮህን ስጠኝ! ገለቴ በአማቶች ፊት አታፍርም! ዶሮ ያለህ ተከተለኝ፤ ዶሮ የሌለህ ሰፈር ጠብቅ!» ተከተሏቸውም፦ ዘጠኝ ዶሮ የያዙት ኦቦ ዲሪባ፣ ሦስቱን በመቀነታቸው የቋጠሩት ወይዘሮ ያለምወርቅ፣ ባጃጁ በድንጋዩ ምክንያት ቢቆምበት ክላክሱን ከነባትሪው ነቅሎ የተሸከመው ዳዲ፣ ከኋላም ማንም ያልጠራው የኦቦ ዲሪባ በግ። አሥራ ሁለት ሰዓት ገና ሩቅ ነውና፣ ሳይቸኩሉ በአምስት ሰዓት ተነሡ።

ወእምዝ በመንገዱ እኩሌታ የፍተሻ ወታደሮች አገኟቸው። በኪስዎ ያለው ምንድን ነው ተብለው ቢጠየቁ፣ ውሸት የማያውቁት ጀግና «አርባ ዶሮ!» ብለው በታላቅ ድምፅ አስታወቁ። ወታደሩ ኪሱን አየ፤ ኮቱን አየ፤ በመጨረሻም በጉን አየና ዐወጀ፦ «አባባ፣ በጾም አርባ ዶሮ! ይለፉ፣ ይለፉ፤ ለንስሐ አባትዎ አልናገርም!»

ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ሰበታ ደረሱ። የህያ ግን መዝጊያውን እስከ ግማሽ አውርዶ፣ ስልኩን እንደ ጋሻ አነሣ፦ «ኦቦ፣ አርፍደዋል! አሥራ ሁለት ሰዓት እኮ እኩለ ቀን ላይ አለፈ፤ ይኸው ስልኬ አሥራ አምስት ሰዓት ይላል! የእርስዎ ዶሮዎች ሞተዋል!»

ያን ጊዜ ኦቦ ጎበና፣ ሠላሳ አንድ ዓመት የጮኸው ጡሩምባ ሁሉ ውሸት ሊባል ነው ወይ ብለው አሰቡ፤ ገለቴም በጎረቤት ፔርሙስ ሻይ ስትቀዳ ታየቻቸው። ከዘራቸውንም መሬት ላይ ተክለው ዐወጁ፦ «አንተ የሀሰኖ የልጅ ልጅ! አያትህ ይህን ሱቅ በአንድ ሰዓት ከፍተው፣ በስድስት ሰዓት ምሳቸውን ይበሉ ነበር። ምሳ ሳይበላ አሥራ ሁለት ሰዓት የሚሞላው በየትኛው አገር ጀምበር ነው? አሥራ አምስት የሚባል ሰዓትስ በየትኛው ጡሩምባ ተነፋ?» ዳዲ ክላክሱን ነፋ፤ በጉም አገዘ።

የህያ አሁንም አልበገር አለ። ነገር ግን ከመጋረጃው ኋላ እናቱ ወይዘሮ ጁማና የመጨረሻውን ዐዋጅ አወጡ፦ «የህያ! መግሪብ የምትሰግደው አሥራ ሁለት ሰዓት ሲያልፍ አይደለም እንዴ? ዛሬ በጠራራ ፀሐይ ሰግደሃል? ወይስ ለአላህ አንድ ሰዓት፣ ለዶሮ ሌላ ሰዓት አለህ? ክፈት ብዬሃለሁ!»

መዝጊያውም እንደ ምሽግ በር እየተንገጫገጨ ወደ ላይ ወጣ፤ አርባው ዶሮ ገባ፤ ቀዩ ፔርሙስ ከመደርደሪያው ወረደ፤ ወይዘሮ ጁማናም በሐጂ ልማድ አንድ ጭብጥ ስኳር መረቁበት። ዝናቸው ከሰበታ እስከ ቡራዩ፣ ከቡራዩ እስከ ሱሉልታ የተሰማው፣ ጽጌረዳ ማራኪው፣ ጀምበርን ከስልክ እጅ ያስጣሉት ኦቦ ጎበና ስማቸው በየአሥራ ሁለት ሰዓቱ፣ ጧትም ማታም ይጠራ!

የህያም ኮምፒውተሩን ትቶ በእስክሪብቶ ጻፈና በመዝጊያው ላይ ለጠፈ፦ «ለተከበራችሁ ባለ ዶሮዎች፦ አሥራ ሁለት ሰዓት ማለት ጀምበር ስትጠልቅ ነው። ስልኬ ትክክል ነበር፤ ለሌላ አገር። እኔ ግን እዚሁ ሰበታ ቆሜ ተሳስቻለሁ። የህያ።»