ወጥ የሚያቀዘቅዝ ቡራኬ

የመናገር ነጻነት ገደቡ የት ላይ ነው እያሉ ምሁራን ሲከራከሩ እሰማለሁ። ተራው ሰው ግን ገደቡን ያውቀዋል፤ ቀልዱ በጎረቤት ላይ ሲሆን ነጻነት ነው፣ በራስ ላይ ሲመጣ ድፍረት ነው። ሃይማኖት ከተነካማ አለቀ! እናንተም ብትሆኑ በባልና ሚስቱ፣ በገጠሬው፣ በሹሙ ስትንከተከቱ አምሽታችሁ፣ ጥምጥም ስታዩ ነው ፊታችሁን የምታማትቡት።

ቦንጋ ውስጥ አስራት የሚባል ልብስ ሰፊ ወዳጅ አለኝ። አዘቦቱን ሱሪ ሲያሳጥር ይውልና በዓል ሲመጣ ለአንድ የቴሌቪዥን ጣቢያ ቀልድ ይሠራል። በቀደም ካህን ሆኖ ብቅ አለ። ካህኑ ማዕድ ሊባርኩ ተነሥተው የቤቱን ሰው፣ ከብቱን፣ ንቡን፣ የወረዳውን መንገድ ሳይቀር ሲመርቁ የዶሮው ወጥ ይረጋል። ጠጅ በበሩ ሲገባ ግን «አሜን!» ብለው ቁጭ። ከተማው በሳቅ ፈረሰ፤ እኔማ ጎኔን እስኪያመኝ ሳቅሁ።

ሳቁ ሲበርድ አስራት ደነገጠ። ጢሙንም፣ ጉሮሮ አጠራረጉንም የቀዳው ከንስሐ አባቱ ከአባ ሀብቴ ነበር። ሴት ልጁ ደግሞ በሚመጣው እሑድ ሰማንያ ቀኗ ይሞላል፤ የሚያጠምቋትም እሳቸው ናቸው። ሚስቱ «ልጄ ሳትጠመቅ ብትቀር እኔና አንተ አንተያይም!» አለችው።

እንደ ወጋችን ሽማግሌ ተላከ፤ እኔና ባለሱቁ ጋሽ ሰይድ። እሳቸው ሙስሊም ስለሆኑ ለሽምግልናው ግርማ ይጨምራሉ ብለን ነው። ጋሽ ሰይድን በመንገድ ላይ የቆጫቸው ግን ሌላ ነበር። «አስራት እኛን በበዓላችን መቼ ነው የሚያነሳን? እኛም እኮ ረጅም ዱዓ አለን!»

የማንኪራ ጫካ ማር ይዘን፣ አስራትን አስከትለን አባ ቤት ገባን። አስራት እግራቸው ላይ ሲወድቅ አባ ግራ ገባቸው።

«ምን አጥፍቶ ነው?»

«በቴሌቪዥን በእርስዎ ላይ ስለቀለደ ነው» አልኳቸው።

አባ ጢማቸውን ዳበስ አደረጉ። «እኔ እኮ የጎረቤታችንን የደካን ደብር ቄስ ነው ያለው ብዬ፣ ዕንባዬ እስኪፈስ ነው የሳቅሁት።»

ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት ማለት ይኸው ነው። ያልተቀየሙትን ሰው ማር ተሸክመን ሄደን አስቀየምናቸው።

አባ ማሩን ተቀበሉ። አስራትን ከመሬት አነሡና «ልጄ፣ መናገር መብትህ ነው። እሑድ አልቀርም» አሉት። ደስታችን ወሰን አልነበረውም።

እሑድ ልጅቱ ተጠመቀች። ማዕዱ ቀረበ፤ አባ ተነሥተው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ቤተሰቡን መረቁ። ከብቱን፣ ንቡን፣ ከቦንጋ እስከ ደካ ያለውን መንገድ፣ የስፌት መኪናውን፣ ቴሌቪዥኑን መረቁ። ወጡ ረጋ። ጠጁ ገባ።

አላቆሙም።

አስራት በልመና ዓይን ቀና ሲል፣ አባ ጎንበስ ብለው «አንተ በቴሌቪዥን ስትናገር አቋረጥኩህ እንዴ?» አሉትና ወደ ጎረቤት ቀበሌዎች ተሻገሩ። እንግዳው ሁሉ ሳቁን በነጠላው አፈነው።

ጋሽ ሰይድ ለብቻ የታረደላቸው በግ ፊታቸው ላይ ሲቀዘቅዝ በትካዜ እያዩ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉ።

«ለአስራት ንገረው፤ እኛን ማንሳቱ ይቅር። የኛ ሼህ ከእሳቸው ይብሳሉ።»