የጋሽ ሚዛን ሁለት ሰሃን

አንድ ተራ ቀን ለጋሽ ሚዛን ርካሽ አይደለም። ጠዋት ዳቦ ቤት ሰልፍ ላይ ጉሮሯቸውን ይከፍላሉ። እስከ ቀትር የአንድ ጎረቤት ትዕግሥት ያልቃል። ሻያቸው ሳይጠጣ ይቀዘቅዛል፤ ማታ በተረፈቻቸው ድምፅ ለግድግዳው ያወራሉ። ይህ ሁሉ ወጪ ለምን? ዕብራይስጥ ከስዋሂሊ ስለሚበልጥ። ወይም ስዋሂሊ ከዕብራይስጥ። የትኛው እንደሚበልጥ የሚታወቀው በዕለቱ ነው።

አወዳዳሪ የሌለው ሰፈር የለም። አንዱ የዛሬን ቲማቲም ከዱሮ ቲማቲም ያወዳድራል፤ ሌላዋ የራሷን ልጅ ከእህቷ ልጅ። የእኛው ግን ሰፈሩ ውስጥ ከሳቸው በቀር አንድም ተናጋሪ የሌላቸውን ሁለት ቋንቋዎች ነው የሚያወዳድሩት። የሚበልጥ አወዳዳሪ አለኝ የሚል ሰፈር ካለ ይምጣና እንነጋገር።

ክቡርነታቸው የጭነት መርከብ ወጥ ቤት ኃላፊ ነበሩ። አሁን ጡረታ ወጥተው ከእኛ ቤት ጎን ባለችው ክፍል ይኖራሉ። «ሚዛን» ያልናቸው ለቀልድ ነበር፤ እሳቸው እንደ ሹመት ተቀበሉት።

በቀደም ልጄን ለማስከተብ ስሄድ አብረውኝ መጡ። ልጄ መርፌውን ስታይ ጩኸቷን ለቀቀችው። ጋሽ ሚዛን ጎንበስ ብለው «ፖሌ፣ ፖሌ» አሏት።

«ምን ማለትዎ ነው?» አለች ሲስተሯ።

«አይዞሽ ነው በስዋሂሊ። ለታመመ፣ ለደከመ፣ እንቅፋት ለመታው ሁሉ ይባላል። ዕብራይስጥ እንዲህ ለሁሉ የምትበቃ አንዲት ቃል ሲፈልግ ይውላል። አንድ ለዜሮ!»

«እና ልውጋት ወይስ ዕብራይስጥ አቻ እስኪሆን ልጠብቅ?»

«ጠብቂ እንጂ!» ብለው የክትባት ካርዱን አነሱ። «ይህን በዕብራይስጥ ቢጽፉት አናባቢውን አብዛኛውን ይተዉታል። አንባቢው ራሱ ያውቀዋል ብለው ነው። ሰውን ማመን ቀላል ነገር ነው እንዴ? አንድ ለአንድ!»

ሲስተሯ ለካ ወግታ ጨርሳለች። ልጄም ነጥቡን ስትከታተል ማልቀሱን ረስታዋለች።

በዚህ ቢበቃቸው ደህና ነበር። እሳቸው ግን ትምህርት ቤት ከፈቱ። የሰፈሩ አዳራሽ ኃላፊ ቅዳሜ ቅዳሜ አንድ ክፍል ሰጠቻቸው፤ በሦስት ቅዳሜ ተማሪ ካልመጣ ግን ክፍሉ ለጠረጴዛ ቴኒስ ይሆናል አለች። ጋሽ ሚዛን የመርከቡን ነጭ የወጥ ቤት ኮት አውጥተው ሲተኩሱ አየኋቸው። እንደ ሙሽራ ነበሩ።

«ጋሼ፣ አንዱን ቋንቋ ብቻ ቢያስተምሩስ? ሰው ይምታታበታል» አልኳቸው።

«ልጄ፣ ሚዛን በአንድ ሰሃን ይመዝናል?»

በመጀመሪያው ቅዳሜ ማንም አልመጣም። በሁለተኛውም ማንም። ኮታቸውን ሰቀሉ፤ ማታ ለግድግዳው ማውራትም ተዉ። የሳቸው ዝምታ ደግሞ ከጩኸታቸው ይከብዳል። ግራ ገብቶኝ ሳለ ጸጉር አስተካካዩ መንገድ ላይ ያዘኝና ጮኸብኝ፦ «ሁለቴ ሄጄ ሁለቴ የተዘጋ በር ሳንኳኳ ዋልኩ እኮ! ብቻዬን መሰለሽ? ደጁ በሰው ሞልቶ!»

ሄጄ አዳራሹ በር ላይ የለጠፉትን ማስታወቂያ አነበብኩ። «በሁለት ሰዓት» ይላል። ገንጥዬ ይዤው ሮጥኩና ጠየቅኳቸው።

«ስዋሂሊ ሰዓት የሚቆጥረው እንደኛ ከንጋት ነው፤ ሁለት ሰዓት ጠዋት ነው» አሉ በኩራት። «ዕብራይስጥ ግን ከእኩለ ሌሊት ይጀምራል፤ የሱ ሁለት ሰዓት ከምሳ በኋላ ነው። ስለዚህ በተራ አደረግኩት።»

ነገሩ ገባኝ። በመጀመሪያው ቅዳሜ ሰው ጠዋት መጣ፤ እሳቸው ከምሳ በኋላ። ሰውም ይህን ሰምቶ በሁለተኛው ከምሳ በኋላ መጣ፤ እሳቸው ጠዋት ጠብቀው ሄደዋል።

«ለምንድነው በተራ?»

«ለአንዱ ባደላ ሌላው ይቀየመኛላ።»

«ማን ነው የሚቀየምዎት? ቋንቋው?»

የሰቀሉትን ኮት አውርደው አቧራውን አራገፉ። «መርከቡ ላይ ሁለት ረዳቶች ነበሩኝ» አሉ። «የአንዱ አፍ መፍቻ ዕብራይስጥ፣ የሌላው ስዋሂሊ። በአንድ ምድጃ ላይ እንደ እሳትና ጭድ ነበሩ። አንድ ቀን ዳቦው መቼ ይወጣል በሚል ተያያዙ። አንዱ ‹ሻዓ› ይላል፣ ሌላው ‹ሳአ› ይላል። ሰዓት ነዋ! በሦስታችንም ቤት ባለ ቃል ነው የሚጣሉት። መሃል ገብቼ ቃሉን ጎን ለጎን አስቀመጥኩላቸው፤ ሳቁ። ከዚያ ወዲህ ማወዳደር አላቆምኩም። ዛሬ ከሁለት አንዳቸው በዚያ በር ቢገቡ፣ አዳልተሃል እንዲሉኝ አልፈልግም።»

ወፍራም እስክሪብቶ አንስቼ ሰዓቱን ሰረዝኩና «ልጆች ምሳ በልተው ሲተኙ» ብዬ ጻፍኩበት።

መነጽራቸውን አድርገው መረመሩት። «ይሄ በየትኛው ቋንቋ ነው?»

«በእናቶች።»

«አድልዎ የለበትም» ብለው አጸደቁት።

ትናንት ዳቦ ቤት አንድ ጎረምሳ «ሽማግሌው ሁለት ቋንቋ ከሚያምታቱ አንዱን አርፈው አይዙም?» ሲል ሰማሁ። «ሚዛን በአንድ ሰሃን ይመዝናል?» ብዬ አፈጠጥኩበት። ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው የማን ቃል እንደሆነ የገባኝ፤ አላፈርኩም። ልጄም ሽማግሌ ባየች ቁጥር «ሺካሞ» እያለች በስዋሂሊ እጅ ትነሳለች። ሌላው ልጄ እስከ መቶ ቆጠረችልኝ ብሎ ሲኮራ እኔም በዚህ እኮራለሁ።

የፊታችን ቅዳሜ የመጨረሻዋ ናት። የቴኒሱ ጠረጴዛ ከወዲሁ መጥቶ ኮሪደሩ ላይ ቆሟል። ነጩ ኮት ተተኩሷል። ይህን እንደምጽፍ ሲሰሙ ጋሽ ሚዛን አንድ ነገር ለምኝልኝ ብለዋል፤ ቃላቸውን እንዳለ ላድርስ፦

«ኑልኝ። ግን ብቻችሁን አትምጡ። የተኳረፋችሁት ሰው ካለ እሱን ይዛችሁልኝ ኑ። የክፍሌ አግዳሚ ወንበር የተሠራው ለሁለት ሰው ነው።»