የአበራ ሽማግሌዎች

(ሆሳዕና፣ 1962 ዓ.ም.። መምህር ኤሊያስና የከብት ነጋዴው ሽብሩ በመምህሩ በረንዳ ላይ ቆመዋል። በመካከላቸው አንድ ፈረንጅ ወደ አገሩ ሲመለስ የተወው፣ በጀርባ የሚታዘል ትልቅ የሸራ ሻንጣ ተቀምጧል።)

ሽብሩ፦ አላዝለውም አልኩህ እኮ። እኛ አገር በጀርባዋ የምታዝል የልጅ እናት ናት። ከእሷ ቀጥሎ አህያ ነው።

ኤሊያስ፦ ፈረንጅ በሙሉ የሚጓዘው እንዲህ ነው። ሻንጣውን ያዝላል፣ ተራራ ይወጣል፣ እዚያ ላይ ሆኖ ፎቶግራፍ ይነሳል።

ሽብሩ፦ እንግዲያው አንተ እዘለው። የፈረንጅ ነገር የምታውቀው አንተ ነህ።

ኤሊያስ፦ ይኸው፣ እዚህ ላይ ነው የማይገባህ። ንግግር የሚያደርግ ሰው ተሸክሞ አይሄድም፤ ትንፋሹ ያልቃል። አበራ በደብዳቤው ምን አለኝ? «ያለ ሽብሩ እንዳትመጣ» አለኝ። ለምን ይመስልሃል?

ሽብሩ፦ ናፍቄው ይሆናል።

ኤሊያስ፦ ሸክሙን አስቦ ነው።

ሽብሩ፦ (ሻንጣውን በእግሩ ጫፍ ነካ እያደረገ) ምን ብትከትበት ነው እንዲህ እንደ እርጉዝ ላም የተነፋው?

ኤሊያስ፦ ሙሉ ሱፍ ልብሴ፣ ሁለት ክራባት፣ ካውያ።

ሽብሩ፦ ካውያ? የከሰሉን?

ኤሊያስ፦ ከነከሰሉ። የተጨማደደ ሽማግሌ ማን ያምናል?

ሽብሩ፦ እኔ የማውቃቸው ሽማግሌዎች ሁሉ የተጨማደዱ ናቸው።

ኤሊያስ፦ ቀልዱን ተወው። አበራ አባት የለው፣ እናት የለው። እዚያ ኬንያ፣ ማርሳቢት ድሬሰር ሆኖ ሰው ሲያክም ከርሞ፣ ይኸው ሠርጉ ሲደርስ የልጅቷ አባት ምን አሉ? «ዘመድ የሌለው ሰው ልጄን አያገባም። ከአገሩ ሁለት ሰው መጥቶ ይቁምለት» አሉ። አንዲት ቃል ብትበላሽ ሠርጉ ቀረ። የትውልድ አገራችን የአንጋጫ ልጅ በሰው አገር ተዋረደ ማለት ነው።

ሽብሩ፦ እሱስ እውነት ነው። እኔም ለዚሁ ብዬ ይችን ይዣለሁ። (ከጋቢው ስር ትንሽ ጆንያ ያወጣል) ጀንፈል ቡና ነው፣ ከነገለባው የደረቀ። ከስሩ የትምባሆ ቅጠል አለ።

ኤሊያስ፦ ትምባሆ? የጸሎት ቤት ሰው ሆነህ?

ሽብሩ፦ እኔ መች ላጨሰው። ለአባትየው ነው። እዚያ አገር ልጅ ሊጠይቅ የሄደ ሰው ባዶ እጁን...

ኤሊያስ፦ እዚያ አገር? ኬንያን የት ታውቃታለህና?

ሽብሩ፦ ኬንያን አላውቃትም። በሬ ልገዛ ያቤሎና ሜጋ ስመላለስ ግን ዘጠኝ ዓመቴ ነው። ከዚያ በታች ያለው ሰው ደግሞ...

ኤሊያስ፦ ያቤሎ የእኛ ነው። ሞያሌን ከተሻገርክ ሌላ ዓለም ነው። እንግሊዝ ሲገዛው የኖረ አገር፤ ዶሮው ሳይቀር በእንግሊዝኛ ይጮኻል።

ሽብሩ፦ ላሟስ?

ኤሊያስ፦ ላሟም። (ጆንያውን አንስቶ ከበረንዳው ያወርዳል) ይሄ ይቀራል። ቦታው የካውያው ነው።

ሽብሩ፦ መንገዱስ? ከሞያሌ ማርሳቢት ምን ያህል ነው?

ኤሊያስ፦ በካርታው ሁለት ጣት። የጭነት መኪና ካጣን በእግራችን እናዘግማለን።

ሽብሩ፦ የማን ሁለት ጣት?

ኤሊያስ፦ የእኔ ነዋ።

ሽብሩ፦ ውሃስ በካርታው ላይ አለ?

ኤሊያስ፦ ሰማያዊ ቀለም አላየሁበትም።

ሽብሩ፦ ካውያ ይዘህ ውሃ ተውክ።

ኤሊያስ፦ ይልቅ ትምህርትህን እንከልስ። እኔ ሰባት ገጽ ንግግር በእንግሊዝኛ አዘጋጅቻለሁ። አንተ ከኋላዬ ቆመህ «ዬስ» ትላለህ። በል።

ሽብሩ፦ ዬስ።

ኤሊያስ፦ አበራ ከጨዋ ቤተሰብ ነው ወይ?

ሽብሩ፦ ዬስ።

ኤሊያስ፦ ግሩም።

ሽብሩ፦ ልጁ ሌባ ነው ወይ ብለው ቢጠይቁኝስ?

ኤሊያስ፦ ዬስ... አንተን ማን ይጠይቅሃል? ሻንጣ የተሸከመ ሰው ምንም አይጠየቅም።

ሽብሩ፦ ይሄን ልያዘው።

ኤሊያስ፦ በል ንግግሩን ላሰማህ። (ጉሮሮውን ጠርጎ ሰባቱንም ገጽ ያነባል። ሽብሩ ገጽ በተገለበጠ ቁጥር «ዬስ» ይላል) አበቃሁ። ምን ይጎድለዋል?

ሽብሩ፦ ምንም። አንድም አልገባኝም። አሁን ደግሞ የእኔን አንብብ። (ከኪሱ የታጠፈ ወረቀት ይሰጠዋል) አበራ ለእኔም ጽፎልኛል፣ በአማርኛ። ጣቢታ አነበበችልኝ።

ኤሊያስ፦ ሚስትህ ከመቼ ወዲህ ነው የምታነበው?

ሽብሩ፦ በመዝሙር ደብተር ነው የለመደችው። ስታነብ ዜማ ታስገባበታለች እንጂ አትሳሳትም።

ኤሊያስ፦ (ያነባል) «ወንድሜ ሽብሩ፣ የልጅቷ አባት የቦረና ሽማግሌ ናቸው። ከቦረንኛ በቀር የሚሰሙት ቋንቋ የለም። እንግሊዝኛ የሚናገር ሰው ሁሉ ግብር ሊያስከፍላቸው የመጣ ይመስላቸዋል። ቋንቋውንም ወጉንም የምታውቀው አንተ ነህና ተናጋሪዬ አንተ ነህ። ጀንፈሉንና ትምባሆውን እንዳትረሳ...» (ድምፁ እየቀነሰ ይሄዳል)

ሽብሩ፦ ቀጥል እንጂ። ጣቢታ ጥሩ ዜማ ያወጣችለት እዚያ ላይ ነው።

ኤሊያስ፦ «...ኤሊያስም ይምጣ። ካልተጠራ ይቀየማል። ሁለት ሰው ስለተባለ ቁጥር ይሞላልናል።»

(ኤሊያስ ወረቀቱን አጥፎ ይመልሳል።)

ኤሊያስ፦ ታዲያ እስካሁን ለምን አልነገርከኝም?

ሽብሩ፦ ሁለቴ ጀመርኩ፣ ሁለቴ አቋረጥከኝ። ከዚያ ወዲያ ሰባት ገጽ መጣ።

ኤሊያስ፦ እና... እኔ እዚያ ደርሼ ምን ልበል?

ሽብሩ፦ «ኤዬ» ትላለህ። በቦረንኛ አዎ ማለት ነው። በል።

ኤሊያስ፦ ኤዬ።

ሽብሩ፦ ግሩም። (ካውያውን አውጥቶ መሬት ያስቀምጣል። በቦታው ጀንፈሉንና ሁለት ኮዳ ውሃ ይከታል። ሻንጣውን ቀና አድርጎ በመምህሩ ትከሻ ላይ ያመቻቸዋል)

ኤሊያስ፦ (ክንዱን በማንገቻው እያሾለከ) ሽብሩ፣ ልጁ ሌባ ነው ወይ ብለው ቢጠይቁኝስ?

ሽብሩ፦ ሻንጣ ተሸክመህ ማን ይጠይቅሃል?