ባለ ሦስት ቋንቋው

ከእኔ ጋር በቋንቋ እንዳትፎካከሩ! አማርኛ፣ ኽምጣና፣ ትግርኛ፤ ሦስቱንም ያለ ትምህርት ነው የማውቃቸው። የጎረቤታችን ልጅ ዝናሽ ዩኒቨርሲቲ ገብታ የምልክት ቋንቋ ትማራለች ሲሉኝማ፣ «እጅ ማወናጨፍም ትምህርት ሆነ?» ብዬ ስቄያለሁ።

ጥር ላይ ለእረፍት በመጣች ጊዜ፣ ለእህቴ ሰርግ የገዛኋት ፍየል ሰቆጣ ገበያ መሀል አመለጠችኝ። አንዱን ከዝቋላ ወረዳ ለገበያ የመጣ ሰው በአማርኛ ጠየቅሁት፤ ዝም። በኽምጣና ጠየቅሁት፤ ዝም። በትግርኛ ጮህኩበት፤ እጁን አወናጨፈብኝ።

«ምን ያለ ኩራተኛ ነው!» አልኩ።

ዝናሽ ደርሳ የሰውየውን እጅ አየችና ሳቀች። «አንተ፣ ሰውየው እኮ ጆሮው አይሰማም! ፍየልህ በኒሯቅ መንገድ ሄደች እያለህ ነው፤ ቀንዷን ሳይቀር አሳይቶሃል።»

ሮጬ ይዣት ስመለስ፣ «በል እንግዲህ፣ ከሦስቱ በአንዱ አመስግነዋ!» አለችኝ።

ሦስቱም ከዱኝ። ጎንበስ ብዬ እጅ ነሳሁት። እሱ ወዲያው ገባው።