የጋሽ ሰቦቃ ግማሽ ሕግ

ሳይጠይቁት የሚመልስ ሕግ አዋቂ የሌለበት ሰፈር በዚህች አገር እስካሁን አልተቆረቆረም። ሰፈር ውኃ ሊያጣ፣ መብራት ሊያጣ ይችላል፤ ሕግ አዋቂ ግን አያጣም። ከአቃቂ ባቡር ጣቢያ ጀርባ ላለው ሰፈር የደረሱት ጋሽ ሰቦቃ ናቸው።

ጋሽ ሰቦቃ ዕድሜያቸውን ሙሉ የባቡር ጭነት ሲመዝኑ ኖረው ጡረታ ወጥተዋል። ሕግ የተማሩት ግን መንሱር ሱቅ ነው። መንሱር ጨውና በርበሬ የሚጠቀልለው በአሮጌ ነጋሪት ጋዜጣ ነበርና፣ ጨዉን ለባለቤታቸው ሰጥተው ወረቀቱን ለራሳቸው ያስቀራሉ። በዚህ ዓይነት የውርስን ሕግ እስከ አንቀጽ አራት፣ የከብት በሽታን አዋጅ ደግሞ ከመሐሉ ጀምሮ ጠንቅቀው ያውቃሉ። ዶሮ አጥር ብትዘል ጣታቸውን ቀና አድርገው "መመሪያ አለው" ይላሉ። የእድር ድንኳን ቢቀደድም መመሪያ አለው። ማንም አይከራከራቸውም፤ እርግጠኛ የሆነ ሰው የለማ።

ወርቅነሽ አጥር የምትጋራቸው ጎረቤታቸው ናት። ክር ፋብሪካ ትሠራለች። የፋብሪካውን መፍተያ መኪናዎች የሚጠግነውን ህንዳዊ፣ ሚስተር ናያርን ካገባች ዓመት ሆኗታል። ናያር አገሩ ያለውን የአባቱን የኮኮናት እርሻ ሸጦ፣ ገንዘቡን አምጥቶ እዚሁ ሊኖር ቆርጧል። እሷ የተመዘገበችበት የቤት ሠሪዎች ማኅበር መሬት ተመርቶለታል፤ የቀረው ያ ገንዘብ ብቻ ነበር።

ጋሽ ሰቦቃ ይህን ሰምተው ዝም ሊሉ አይችሉም። በርበሬ በርበሬ የሚሸት ቁራጭ ወረቀት ይዘው መጡ። ከውጭ ገንዘብ ይዞ የሚገባ ሰው ግብር እንደሚከፍል ጽሑፉ ይናገራል። ቀጥሎ ያለው ተቀዷል።

"ግማሹ ለመንግሥት ነው" አሉ።

ወርቅነሽ ወረቀቱን ገልብጣ አየችው። ግማሽ የሚል ነገር የትም አላገኘችም።

"ከግማሽ በታች የሚወስድ መንግሥት አይተሽ ታውቂያለሽ?" አሏት።

አላየችም። ናያር ሳምንት ሙሉ ሲያስብ ሰንብቶ፣ በግማሹ ቤት እንደማይሠራ፣ እሷን ይዞ ወደ አገሩ ቢመለስ እንደሚሻል በቀስታ ነገራት። ከሞጆ ወዲያ ሄዳ የማታውቀው ወርቅነሽ እያለቀሰች ዕቃዋን ማከፋፈል ጀመረች። ሙቀጫዋን ተሸክማ ጋሽ ሰቦቃ ቤት አስቀመጠችው።

"ይሄ እናንተ ጋ ይቅር፣ ጋሼ። ባሕር አይሻገርም።"

ጋሽ ሰቦቃ ሙቀጫውን አዩት። ጣታቸው ወደ ላይ ተነሣ፤ ከዚያ መልሰው አወረዱት።

"ወርቅነሽ፣ እኔ እንጃ" አሉ። "ቀሪው ወረቀት አልደረሰኝም።"

በአሥራ አንድ ዓመት ጉርብትና እንዲህ ሲሉ ሰምታቸው አታውቅም። ለቅሶዋን ትታ፣ ቀጥሎ ምን ያደርጉ ይሆን ብላ ትከታተላቸው ጀመር። እሳቸውም በዚያ ሰሞን ከመንሱር በርበሬ የገዛውን ቤት ሁሉ አንኳኩ። ፋጡ ቤት የደን አዋጅ፣ ታደሰ ቤት የሚዛን ደንብ አገኙ፤ የፈለጉት ግን አልተገኘም። የመጨረሻውን ቤት ባንኳኩ ማግስት የክት ኮታቸውን ለብሰው ባልና ሚስቱን አስከትለው ወደ ገንዘብ መሥሪያ ቤት አውቶቡስ ተሳፈሩ።

የገንዘብ መሥሪያ ቤቱ ጸሐፊ ያልተቀደደውን ገጽ አውጥቶ አነበበላቸው። ሊኖር የመጣ ሰው የራሱን ጥሪት ቢያስገባ ግብር የለበትም፤ ባንክ አስመዝግቦ ይመነዝራል፣ በቃ። ወርቅነሽ ጸሐፊውን እንደገና አስነበበችው።

ሲመለሱ፣ አውቶቡሱ ቃሊቲ ሲደርስ ጋሽ ሰቦቃ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

"እኔም ያልኩት ይህንኑ ነበር።"

ናያር ሊናገር አፉን ሲከፍት ወርቅነሽ እግሩን ረገጠችው።

"አዎ ጋሼ" አለች፣ "እርስዎ ነዎት የነገሩን።"

ቤቱ ተሠርቶ ሲያልቅ ናያር ውለታቸውን ሊመልስ ያልተነካ የአንድ ዓመት ነጋሪት ጋዜጣ አስጠርዞ አመጣላቸው። ጋሽ ሰቦቃ አገላበጡት፣ አመሰገኑ፣ ከሣጥን ግርጌ ከተቱት። "ሙሉ ከሆነማ ማንም ያውቀዋል" አሉ።

አዲሱ ቤት ከድሮው ሰፈር የሃያ ደቂቃ መንገድ ነው። ወርቅነሽ ቅዳሜ ቅዳሜ ሙቀጫዬን ልጠቀምበት እያለች እሳቸው ጋ ትሄዳለች፤ እስካሁን ወደ ቤቷ አልወሰደችውም። የሳምንቱን የበርበሬ ወረቀትም አራግፋ ትወስድላቸዋለች። ሙሉ ገጽ ካጋጠማት፣ በራቸው ሳትደርስ ከመሐሉ ትቀደዋለች።