ከዳካ የመጣ ሰው ኤሌቬተር አያመልጠውም

ሰው በሀብት ይቀናል፣ በመልክ ይቀናል። እኔ የምቀናው በሕዝብ ብዛት ነው። አትሳቁ! እስቲ ከየአገሩ የመጣ ስደተኛ በሞላበት ሴንት ጄምስ ታውን ፎቅ ላይ ኑሩና በየጠዋቱ ከጎረቤቶቼ ጋር በኤሌቬተር ውረዱ። የዳካው ራሂም አገሩ ደርሶ በተመለሰ ቁጥር፣ «ልጅ ሆኜ ዓሣ ያጠመድኩበት ኩሬ የፎቅ ሰፈር ሆኖ ጠበቀኝ» ይላል፣ ደረቱን ነፍቶ። የማኒላዋ ሊዛ ደግሞ ከተማዋ በዙሪያዋ ያሉትን ከተሞች ሁሉ ውጣ የት እንደምታበቃ እንደማይታወቅ ትነግረናለች። ቻይናዊው ጎረቤታችን ብዙ አያወራም፤ የተወለደበት መንደር ላይ የቆመውን የባቡር ጣቢያ በስልኩ ያሳየንና ስልኩን ኪሱ ይከታል። የሱ ይብሳል።

እኔም «አዲስ አበባም እኮ...» ብዬ ስጀምር ኤሌቬተሩ ምድር ቤት ይደርሳል።

እውነቱን ልንገራችሁ? ያስቀናኝ ፎቁ አይደለም። ከተማ እያበጠ ሲሄድ ሰው በጠባብ ቦታ መግባት ይማራል። የኤሌቬተሩ በር ሲከፈት እነራሂም ትከሻቸውን አዙረው ሹልክ ይላሉ፤ ማንንም አይገፉም፣ ማንንም አያስቀይሙም። እኛ ግን በር ላይ ቆመን እንገባበዛለን።

ባለፈው ወር ሕንፃችን ውስጥ ባለ ሁለት መኝታ ቤት ተለቀቀ። እኛ ከሁለት ልጆች ጋር በባለ አንድ መኝታ ነው የምንኖረው፤ ትልቋ ልጄ የምታጠናው መታጠቢያ ቤት ገብታ፣ በሩን ቆልፋ ነው። የሕንፃው ኃላፊ «ነገ ጠዋት ቢሮ ሲከፈት ቀድሞ የደረሰ ይወስደዋል» አለ። ራሂምም እንደሚፈልገው አውቃለሁ። በማግስቱ ጠዋት ባለቤቴ ሰብለ ሸሚዜን ተኩሳ፣ «በል፣ እንዳትለሳለስ!» ብላ ሸኘችኝ።

ኤሌቬተሩ ጋ ስደርስ ጋሽ ታደሰ ቆመዋል፤ በዕድሜ አባቴ የሚሆኑ ጎረቤታችን ናቸው። በሩ ተከፈተ። የቀረው የአንድ ሰው ቦታ ነው።

«ይግቡ ጋሼ።»

«አይ፣ አንተ ግባ።»

«ኧረ በፍጹም! እርስዎ ቆመው?»

«ግባ እልሃለሁ! እኔ እኮ...»

«በሞቴ ጋሼ!»

ራሂም ከኋላችን መጣ፤ «ኤክስኪዩዝ ሚ» አለ፣ ትከሻውን አዞረ፣ ሹልክ። በሩ ተዘጋ። ሌላኛው ኤሌቬተር እንደሆነ ተበላሽቷል።

በደረጃ ሮጬ ቢሮው ስደርስ ራሂም ከኃላፊው ጋር እየተጨባበጠ ነበር። «ወንድሜ፣ የት ቀረህ?» አለኝ፣ ከልቡ አዝኖ። ይሄ ሰው ለመጥላት እንኳን አይመችም። ቅናት አንገበገበኝ፤ በራሂም ብቻ ሳይሆን በመላው እስያ ቀናሁ። ሰብለን ምን እንደምላት እያሰብኩ በኤሌቬተር ተመለስኩ።

ፎቃችን ላይ በሩ ሲከፈት ጋሽ ታደሰ እዚያው ቆመዋል።

«ጋሼ! እስካሁን አልወረዱም?»

«እኔ መች እወርዳለሁ አልኩ? ላይ ፎቅ የታመመ ጓደኛዬን ልጠይቅ ነው። ግባ ብልህ፣ መች አስጨረስከኝ!»

ወጥቼ መንገድ ለቀቅኩላቸው። «ይግቡ» አልኳቸው።

ሳይግደረደሩ ገቡ።