ቲኬት ያንጠለጠለ ጃኬት

[ሰሜን ሚሺጋን፣ የበረዶ መንሸራተቻ ተራራ። ሁለት ሰዎች በብረት ገመድ በሚጎተት ክፍት ወንበር ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠው፣ በረዶ ላይ የሚያንሸራትተው ረጅም ስስ ጣውላ፣ ስኪያቸው፣ ከእግራቸው እንደታሰረ ወደ ላይ እየወጡ ነው። ሎውል የቤት ጣሪያ ሻጭ ነው፤ በጃኬቱ ዚፕ ላይ የተንዠረገጉትን የድሮ የስኪ ተራራ መግቢያ ቲኬቶች ነፋሱ ያንኳኳቸዋል። ኤሜት የሎውል ሚስት ወንድም ሲሆን ባለ ቀዳዳ አይብ የሚያመርት ፋብሪካ ይሠራል፤ ጭኑ ላይ ትንሽ ቦርሳ አቅፏል። ክርክሩ የተጀመረው ታች ሰልፉ ላይ ነው።]

ሎውል፦ ስማኝ፣ ሁለተኛ አልነግርህም። ሰው ፊት «ፒዛ» የሚባል ቃል ካፍህ እንዳይወጣ!

ኤሜት፦ ታዲያ ምን ልበል? አስተማሪዋ ያለችን ፒዛ ነው። የስኪዎቹን አፍንጫ ታገናኛለህ፣ ጅራታቸውን ትከፍታለህ፣ ቁራጭ ፒዛ ይመስላል፣ ትቆማለህ።

ሎውል፦ እሷ የምታስተምረው የአምስት ዓመት ሕፃናት ነዋ!

ኤሜት፦ እኔንም አስተምራኛለች።

ሎውል፦ እሱን እኮ ነው የምልህ! ጢምህ ላይ በረዶ ተጋግሮ፣ ከጨቅላ ጋር እጅ ለእጅ ተያይዘህ ስትንፏቀቅ! እናትህ በማረፊያ ቤቱ መስኮት እያዩህ!

ኤሜት፦ እናቴማ አጨበጨበችልኝ።

ሎውል፦ ለሰለጠነ ውሻም ይጨበጨባል።

ኤሜት፦ ሲያልቅ ደግሞ ትኩስ ቸኮላት ሰጡን። የኔን አንዱ ማሙሽ ደፋብኝ እንጂ።

ሎውል፦ ጭንቅላትህ እንደምትሠራው አይብ ነው፤ ቀዳዳው ይበዛል። ስኪ በደም የሚወረስ ነገር ነው። ወይ አለህ፣ ወይ የለህም። ትምህርት ቤት የሚገባው የሌለው ነው። ደሞ ምን ታፈጣለህ?

ኤሜት፦ ቲኬቶቹን ነው። የጃኬቱን ዋጋ ቆርጠህ መጣል ረስተህ ይሆን?

ሎውል፦ ዋጋ! አንተ ሰውዬ፣ እያንዳንዷ እኮ የወረድኩበት ተራራ ናት። እኛ የስኪ ሰዎች ቲኬታችንን አንቆርጥም። ወታደር ኒሻኑን ነቅሎ ይጥላል?

ኤሜት፦ አይጥልም።

ሎውል፦ ያው ነው።

ኤሜት፦ የሌላ ሰው ኒሻን ቢያደርግስ?

ሎውል፦ [ቆጣ ብሎ] እሱን ምን አመጣው?

ኤሜት፦ እንዲሁ ነው። ይቺ ድብ የተሳለባት ቲኬት የየት ናት?

ሎውል፦ እሷ? ኧ... እሷ ሩቅ ናት፣ ወደ ምዕራብ። ጉም ነበር። ጓደኞቼ «ዛሬ አይወረድም» ብለው እሳት ዳር ተኮለኮሉ። ብቻዬን ወጣሁ። ግማሽ ስደርስ ድቧ መሐል መንገድ ላይ ቆማለች!

ኤሜት፦ ኧረ! ድብ በብርድ ወራት ይተኛ የለ እንዴ?

ሎውል፦ የቀሰቀስኳት እኔ ነኛ! በፍጥነቴ!

ኤሜት፦ ከዚያስ?

ሎውል፦ በላይዋ ዘለልኩ።

ኤሜት፦ [እያሰበ] ዘለልክ። መዝለሉንስ አላሰብኩትም ነበር።

ሎውል፦ ምኑን?

ኤሜት፦ ምንም። ጥሩ ነው፣ ቀጥል።

ሎውል፦ [ወደ ታች አይቶ ይደነግጣል] ቆይ፣ ቆይ! ትንሿ ኮረብታ አለፈችን እኮ! እዚያ ወርደን፣ ትንሽ ታይተን እንመለሳለን ብዬህ አልነበር?

ኤሜት፦ ትንሿን ለምን? ትናንት እራት ላይ ያልከኝን አልረሳሁም። «አረንጓዴ ክብ ያለው መንገድ ለሕፃን ነው፤ ሰማያዊ ካሬው ለአሮጊት፤ ጥቁር አልማዙ ለኔ።» ስለዚህ ሠራተኛውን «አማቼ ከጥቁሩ በቀር አይረግጥም፣ ዋናውን ወንበር አሳየን» አልኩት።

ሎውል፦ ምን አልክ?

ኤሜት፦ አከበረህ! ቲኬቶቹን አይቶ ባርኔጣውን ነካ አደረገልህ እኮ።

ሎውል፦ አንተ... አንተን ማን ጠይቆህ ነው? ጉልበቴን እንዳመመኝ አታውቅም?

ኤሜት፦ የቱን?

ሎውል፦ [ቀኙን ይይዛል] ይኸው!

ኤሜት፦ ትናንት ግራው ነበር።

ሎውል፦ ሕመም እግር አለው፣ ይዞራል! ሐኪም ነህ?

ኤሜት፦ አይደለሁም። እኔማ አሳዝናኝ ነው፣ ልጅህ ዊላ። ጫፉ ላይ ቆማ ትጠብቅሃለች። ሦስት ክረምት ሙሉ ለክፍሏ ልጆች «አባቴ ከነፋስ ይቀድማል» ስትል የኖረች ልጅ ናት። ከመጣን ጀምሮ አንተ ማረፊያ ቤት ጉልበትህን ይዘህ ተቀምጠሃል። ዛሬ ደግሞ የመጨረሻ ቀናችን ነው። «ከአባቴ ጋር ሳልወርድ መኪና ውስጥ አልገባም» ብላለች።

ሎውል፦ ልጅ ብዙ ይላል።

ኤሜት፦ የአጎቶቿ ልጆች ሁሉ ታች መስኮቱ ላይ ተደርድረዋል። «እስቲ እናያለን» ብለዋታል።

[ወንበሩ በድንገት ይቆማል። ነፋስ ያወዛውዘዋል። ሎውል የኤሜትን ክንድ በሁለት እጁ ይጨብጣል።]

ሎውል፦ ምንድነው? ምን ሆነ? ተበጠሰ?

ኤሜት፦ ታች አንዱ ሲሳፈር ወድቆ ይሆናል። እስኪያነሱት ነው። አንተ ይሄን ሁሉ ተራራ ስትወጣ ቆሞብህ አያውቅም?

ሎውል፦ የኔ ጊዜ... የኔ ጊዜ ወንበሮች አይቆሙም ነበር!

ኤሜት፦ ዓይንህን ለምን ጨፈንክ?

ሎውል፦ በረዶው ያንጸባርቃል።

ኤሜት፦ መነጽርህ ግን ግንባርህ ላይ ነው። ሌላም ልጠይቅህ፣ እንዳትቆጣ። የጫማህ መቆለፊያ ወደ ውስጥ የዞረው የአዋቂዎች አሠራር ነው?

ሎውል፦ አዎ! የፍጥነት ነው!

ኤሜት፦ እኔ ደግሞ ግራና ቀኙን አቀያይረህ ያጠለቅኸው መስሎኝ።

[ቲኬቶቹ ይንኳኳሉ።]

ሎውል፦ [ቀስ ብሎ] ኤሜት።

ኤሜት፦ አቤት።

ሎውል፦ ለኖርማ አትንገር። እህትህ መሆኗን ለአንድ ቀን እርሳው።

ኤሜት፦ ረስቼዋለሁ።

ሎውል፦ ስኪ ረግጬ አላውቅም። በሕይወቴ። አንድም ተራራ!

ኤሜት፦ ድቧስ?

ሎውል፦ ምን ድብ አለ! ጃኬቱን የገዛሁት ከቤተ ክርስቲያን ምድር ቤት ነው፣ የአሮጌ ልብስ ሽያጭ ላይ። ቲኬቶቹ አብረው ነበሩ። እቆርጣለሁ ብዬ ሳልቆርጥ ለብሼው ወጣሁ። አንዱ ጎረቤት ሲያየኝ «ለካ የስኪ ሰው ነህ!» አለኝ። ዝም አልኩ። ዝም ማለቴ አዎ ሆነ። አዎው ተራራ ሆነ፣ ተራራው ድብ ወለደ።

ኤሜት፦ ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይባላል። ይኸው አፋፉ ጋ ልንደርስ ነው።

ሎውል፦ ትቀልዳለህ? አንተ ምን አለብህ! ቂል ሆነህ ተወልደህ፣ ቂል ነኝ ብለህ ተቀምጠህ፣ ማንም ምንም አይጠብቅብህ! እኔ ግን ስም ያለኝ ሰው ነኝ!

ኤሜት፦ እውነት ነው። እስቲ የግራውን የውስጥ ኪስ ግለጠው።

ሎውል፦ ለምን?

ኤሜት፦ ግለጠው ግድ የለህም። ቀዳዳ አለው፣ በቀይ ክር የተሰፋ፣ ስፌቱ ጠማማ?

ሎውል፦ [ገልጦ ያያል፤ አፉን ይከፍታል] በምን አወቅህ?

ኤሜት፦ የሰፋችው ሚስቴ ናታ። ጃኬቱ የኔ ነበር።

ሎውል፦ የአንተ? ታዲያ... ይሄን ሁሉ ተራራ የወረድከው አንተ ነህ?

ኤሜት፦ ኧረ ወዲያ! እኔም የገዛሁት ከአሮጌ ልብስ ሽያጭ ነው፣ ከነቲኬቱ! አንድ ክረምት ሙሉ ፋብሪካ ውስጥ ስንጎማለልበት ከረምኩ። ድቧንም አውርቻታለሁ። የኔ ድብ እንደ አንተ አልተዘለለችም፣ አባርራኛለች። መባረር ይሻላል፣ ሰው ያምናል።

ሎውል፦ ከዚያስ?

ኤሜት፦ ከዚያማ አለቃዬ «እሑድ አብረን እንውጣ» አለኝ። ታምሜያለሁ ብዬ ሁለት ቀን ተኛሁ። ሦስተኛው ቀን ሾርባ ይዞ ሊጠይቀኝ መጣ። ሾርባውን እየጠጣሁ «ይሄ ጃኬት ይገድለኛል» አልኩና ለቤተ ክርስቲያን ሰጠሁት። አማቼ፣ አንተ ዛሬ የምትቂለውን ቂልነት እኔ ድሮ ጨርሼዋለሁ።

ሎውል፦ በየገናው ከእናንተ ጋር ማዕድ ላይ ለብሼው ስቀመጥ ታውቅ ነበር?

ኤሜት፦ ሚስቴማ ሳቅ እየቀደማት ወጥ ቤት ትገባ ነበር።

ሎውል፦ ማን ማን ያውቃል?

ኤሜት፦ እንዴት ብዬ ልንገርህ... የማያውቀውን ብቆጥርልህ ይቀላል። ታች ባርኔጣውን የነካልህ ሠራተኛ አለ።

ሎውል፦ ዊላስ? ዊላ አታውቅም፣ አይደል? ኤሜት!

[ወንበሩ እንደገና መሄድ ይጀምራል።]

ኤሜት፦ ልጅ ድብ ያምናል። ከግራ ወደ ቀኝ የሚዛወር ጉልበት ግን አያምንም። መጀመሪያ ቀን ማታ መጥታ «አጎቴ፣ አባቴ ክፍል አይገባም፣ ይሰበርብኛል። አንተ ተማርና አውርድልኝ» አለችኝ። ከጨቅላ ጋር እጅ ለእጅ የተያያዝኩት ቸኮላት አምሮኝ መሰለህ?

ሎውል፦ ለኔ ብለህ ነው?

ኤሜት፦ ለአንተስ አልነበረም፣ ለሷ ነው። ለአንተ ብዬ በዚያ ብርድ ቁጢጥ አልልም።

ሎውል፦ አልወርድም። እዚሁ ወንበሩ ላይ ተቀምጬ ዞሬ እመለሳለሁ።

ኤሜት፦ ይቻላል። ተመላሹ ወንበር የሚያልፈው ግን በማረፊያ ቤቱ መስኮት ፊት ነው። ሰው ሁሉ በበረዶ ሲወርድ አንድ ባለ ኒሻን ብቻውን በወንበር ሲወርድ ያዩታል። ከነእናቴ።

ሎውል፦ አምላኬ! በጥቁሩ ሞቼ ልገኝ ነው?

ኤሜት፦ ምን ጥቁር? ጫፉ ላይ አረንጓዴውም አለ፣ እየተጠማዘዘ የሚወርድ። እኔ ከፊት ፒዛ፣ አንተ መሐል ፒዛ፣ ዊላ ከኋላ ይሄን ይዛ። [ቦርሳውን ከፍቶ ወገብ ላይ የሚታጠቅ፣ ረጅም ገመድ ያለው ቀበቶ ያወጣል።]

ሎውል፦ ይሄ... ይሄ የሕፃን መያዣ ነው!

ኤሜት፦ የዊላ ነው። አራት ዓመቷ ሳለ ኖርማ በዚህ ይዛት ነበር የምታወርዳት። አንተ ያን ጊዜም ጉልበትህን አሞህ ነበር። ቀበቶው ላይ ጥንቸል አለች፣ አይዞህ፣ ጃኬቱ ይሸፍናታል።

ሎውል፦ ለልጆቹ ምን ትላቸዋለች? «አባቴ ከነፋስ ይቀድማል» ያለቻቸውን?

ኤሜት፦ ጠይቄአታለሁ። «አባቴን እኔ አስተማርኩት እላቸዋለሁ፣ ይሄኛው እንኳ እውነት ይሆናል» ብላለች።

[ሎውል ቀበቶውን ነጥቆ መታጠቅ ይጀምራል። ጫፉ ይታያል፤ ቀይ ኮፍያ ያደረገች ልጅ እጇን ታውለበልባለች።]

ዊላ፦ [ከሩቅ] አባዬ! ስትነሳ ፒዛ! ፒዛ አድርግ!

ሎውል፦ [ቀበቶውን እያጠበቀ] ፒ... ፒዛ። አፍንጫው ይገናኛል፣ ጅራቱ ይከፈታል። ቆይ፣ ኤሜት፣ ቆይ! ቲኬቶቹን ቁረጥልኝ! ቢያንስ እነሱን ልጣላቸው!

ኤሜት፦ ተዋቸው፣ ተዋቸው። አያቴ ላሞቹ ላይ ቃጭል የሚያንጠለጥለው ለጌጥ አልነበረም። በረዶ ውስጥ ስትሰምጥ ድምፁን ሰምተን እናገኝሃለን።